«ይገባል» የምትባል ቃል

መቼም ከፍ ያለ ነገር ስንወድ ለጉድ ነው። ወንበሩ ከፍ ይበል፣ አጥሩ ከፍ ይበል፣ ተረከዙ ከፍ ይበል፤ ማዕረጉማ ከፍ ካላለ ምኑን ኖርነው! አሁን ደግሞ ተራው የጎማ ሆኗል። ሠላሳና አርባ ዓመት ያገለገለ አሮጌ መኪና ይገዛና፣ ሞተሩ ሳይታይ፣ ፍሬኑ ሳይፈተሽ፣ መሪው ሲያዞሩት የሚያሰማው ድምፅ ምን እንደሆነ ሳይጠየቅ፣ በመጀመሪያ ፋብሪካው ካዘዘለት የሚበልጥ ቸርኬና ጎማ ይገባለታል። ከዚያ ባለቤቱ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸት ብሎ፣ አንገቱን ዘመም አድርጎ፣ «እይልኝማ፣ እንዴት እንደቆመች!» ይላል። እውነት ነው፣ ስትቆም ታምራለች። እኔን የሚያስጨንቀኝ ስትሄድ ነው። ይልቁንም ቁም ስትባል ነው።

«አንተ የሥነ ጽሑፍ ሰው፣ ጎማና ቸርኬ ውስጥ ምን ጥልቅ አደረገህ?» የሚለኝ አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። መልሴ አጭር ነው፤ እግረኛ ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ በመኪና አደጋ ከሚሞተው ሰው አብዛኛው እግረኛ ነው። ዜብራ ላይ አንድ እግሬን አውርጄ ስቆም የሚመጣው መኪና የት ላይ ሊቆም እንደሚችል የመጠየቅ መብት ያለኝ ይመስለኛል። ሌላም ምክንያት አለኝ። የጋራዥ ቋንቋ ከድሮም ይማርከኛል። ጎሚስታ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ኩሽኔታ፣ ፓራፋንጎ... ጣልያን በ1933 ዓ.ም. ተሸንፎ ሲወጣ ቃላቱን ጋራዥ ውስጥ ረስቷቸው ነው የሄደው። እኛም ባለቤቱ ተመልሶ ይወስዳቸው ይመስል በአደራ ይዘናቸዋል። ሆኖም ጋራዥ ውስጥ ከሚነገረው ሁሉ የሚያስፈራኝ ጣልያንኛው አይደለም። ንጹሕ አማርኛ የሆነች አንዲት ቃል ናት፤ «ይገባል»።

ነገሩን በምሳሌ ላስረዳ። ድሮ ያስተማርኩት፣ አሁን አስጎብኚ የሆነ አንድ ወጣት አለ። (ወጣት ስል አርባን እየተጠጋ ነው፤ ለአስተማሪ ግን ተማሪ አያረጅም።) ይህ ልጅ አንድ አሮጌ ቮልስዋገን አገኘ። እኛ «ኮምቢ» የምንለው ዓይነት ሆኖ፣ ውስጡ የሚዘረጋ አልጋ፣ ትንሽ ምድጃ፣ የዕቃ ማጠቢያ፣ ከላይ ደግሞ እንደ ድንኳን የሚከፈት ጣሪያ ያለው ነው። ዌስትፋሊያ የሚባለው የጀርመን ድርጅት ለመንገድ ኑሮ ያሰናዳው መሆኑ ነው። ጀርመኖቹ ይህንን ሦስተኛውን ትውልድ የቮልስ ቫን መሥራት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1979 ሲሆን፣ በ1990 ገደማ ቦታውን ለተከታዩ ለቋል። ሞተሩ ከኋላ ነው። የልጁ መኪና ባለ 1.6 ሊትር ናፍጣ ሲሆን ያኔ ገና አዲስ ሳለ የነበረው ጉልበት 50 ፈረስ ነው። ሃምሳ! ዛሬ አንዳንዱ ሰው ለሞተር ብስክሌት የሚንቀው ቁጥር ነው። ቢሆንም መኪናዋ ደግ መኪና ናት፤ ቀስ ብላ ታደርሳለች።

ልጁ ያሰበው ክፉ አልነበረም። እናቱንና ሁለት አክስቶቹን ይዞ፣ ምግብ መንገድ ላይ እያበሰሉ፣ ሲመሽ እዚያው እያደሩ፣ በጎጃም በኩል ባሕር ዳርና ጎንደር ደርሶ መመለስ ነው። ጋራዥ ወሰዳት። ባለጋራዡ ዞር ዞር ብሎ አያትና፣ «ጋሼ፣ ይኼ ጎማ ለኛ አገር መንገድ አይሆንም፤ የልጅ ጫማ ነው» አለ። (ጋሼ የተባልኩት እኔ ነኝ፤ ለማየት ብዬ አብሬ ሄጄ ነበር።) የፋብሪካው ጎማ 185 አር 14 ሲ ነው። እሱ ያቀረበው 215/75 አር 15 ነው። ቸርኬውም ከአንድ አሮጌ መርሴዲስ የወረደ፣ አልሙኒየም፣ የሚያብረቀርቅ።

«ይገባል ወይ?» አለ ልጁ።

«ይገባል! ፓራፋንጎውን ከውስጥ በመዶሻ መታ መታ ካደረግነው በደንብ ይገባል።»

እንግዲህ ቃሏ ይቺ ናት። አማርኛችን «ይገባል» ሲል ቢያንስ ሁለት ነገር ይላል። አንደኛው፣ በሩ ይበቃዋል፣ ወደ ውስጥ ያልፋል ማለት ነው። ሁለተኛው፣ ተገቢ ነው፣ ሊሆን የሚገባው ነው ማለት ነው። ባለጋራዡ የሚናገረው የመጀመሪያውን ነው፤ ባለመኪናው የሚሰማው ሁለተኛውን። ስለገባ ይገባል ማለት ግን አይደለም። በመዶሻ ካሳመኑት የማይገባ ነገር የለም። ይህ ነገር ከጋራዥ ውጭም ስንት ቦታ እንደሚሠራ አንባቢ ራሱ ያስላው፤ እኔ ዛሬ ከጎማው አልወርድም።

የጎማውን ሂሳብ እንየው። ሂሳብ ስል አትደንግጡ፤ እኔም ሂሳብ ሸሽቼ ነው ግጥም ያስተማርኩት። የፋብሪካው ጎማ ቁመት ከጫፍ እስከ ጫፍ 650 ሚሊሜትር ያህል ነው። አዲሱ 703 ያህል ይሆናል። ልዩነቱ 8 በመቶ ገደማ ነው። ሲናገሩት ትንሽ ነው፤ 8 በመቶ ማንን ገደለ? ነገር ግን ጎማ ሲያድግ ከሞተሩ እስከ መሬቱ ያለው ነገር ሁሉ አብሮ ይለወጣል። ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር የሚሄደው ርቀት ስለሚረዝም፣ የፍጥነት መቁጠሪያው 80 ሲያሳይ መኪናው የሚሄደው በ86 ተኩል ነው። ሾፌሩ 80 እየነዳሁ ነው ብሎ በሙሉ ልቡ ይምላል። ውሸታም አይደለም፤ መኪናው ዋሽቶት ነው።

ጉልበቱስ? ሞተሩ የሚያመርተው ያው ነው፤ የሚገፋበት ክንድ ግን ረዝሟል። ስለዚህ መሬት ላይ የሚያርፈው ግፊት ከ7 በመቶ በላይ ይቀንሳል። በቆላ፣ በባሕር ጠለል ላይ ቢሆን እሺ እንበል። እኛ የምንኖረው 2,400 ሜትር ላይ ነው። እዚህ አየሩ ስስ ነው፤ ተርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ለከፍታው ገብሮ ነው የሚንቀሳቀሰው። 50 ፈረስ የተባለው 40 ሆነ ማለት ነው። ዕድሜው የወሰደበትን ደግሞ እናንተ ቀንሱ። ከዚያ ላይ በገዛ ገንዘባችን ሌላ 7 በመቶ እንቀንስለታለን። ሦስት ወይዛዝርት፣ የውኃ ጀሪካን፣ ድስት፣ ምድጃ፣ ፍራሽ ጭኖ ዳገት ሲወጣ ሁልጊዜ አንድ ማርሽ ዝቅ ብሎ፣ እያቃሰተ፣ እየጋለ ነው። ባለቤቱም «ይቺ መኪና ሞተሯ ደክሟል» ብሎ ተመልሶ ወደዚያው ጋራዥ ይሄዳል። ባለጋራዡ ምን እንደሚለው መገመት አያቅትም።

የዳገቱስ ግድ የለም። የሚቀረው መዘግየት ነው። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ቁልቁለቱ ነው።

ጎጃም በር ብለው ሲወጡ፣ ጎሃ ጽዮን ላይ ሻይ ጠጥተው ሲነሡ፣ ከፊት ለፊት ያለው አባይ በረሃ ነው። መንገዱ እየተጠማዘዘ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ ከዚያ ደጀን ድረስ ያንኑ ያህል ይወጣል። ይህንን የወረደ ሾፌር ሁሉ የሚያውቀው ሕግ አለ፤ በፍሬን አትውረድ፣ በማርሽ ውረድ። ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይዞ ይጎትት፣ ፍሬኑ ለችግር ቀን ይቀመጥ ማለት ነው። ጎማው ሲያድግ ይህ የማርሽ መያዣ ጉልበትም አብሮ ይላላል። ሞተሩ በደንብ ስለማይይዝ ሾፌሩ ፍሬን ይረግጣል። ፍሬኑ ደግሞ ያው የድሮው ነው፤ ከፊት ዲስክ፣ ከኋላ ታምቡር፣ ለ650 ሚሊሜትር ጎማ የተሠራ። በእግሩ ያንኑ ያህል ቢረግጥ መሬት ላይ የሚያገኘው የመያዝ ኃይል ከ7 በመቶ በላይ ያነሰ ነው። ስለዚህ ጠንከር አድርጎ ይረግጣል፣ ደጋግሞ ይረግጣል፣ ፍሬኑ ይግላል። የጋለ ፍሬን ደግሞ መጀመሪያ ይሸታል፤ ከዚያ እግር ሥር ይለሰልሳል፤ ከዚያ... አባይ በረሃ ላይ ከዚያ በኋላ ያለውን ባልጽፈው ይሻላል። ጣርማበር በሉት፣ ሊማሊሞ በሉት፣ ያው ነው። ይህች አገር ለፍሬን እንጂ ለቁመት የተሠራች አገር አይደለችም።

«ጋሼ ደግሞ ያጋንናሉ፤ ውጭ አገር ስንቱ ነው ትልቅ ጎማ የሚያስገባው» ተብያለሁ። እንዲያውም የውጭ አገሩን እናንሣ። ይህቺኑ ቮልስ በትልልቅ ጎማ መሥራት ያማራቸው ራሳቸው ፋብሪካዎቹ ነበሩ። በኦስትሪያ፣ ግራዝ ከተማ የሚገኘው ሽታየር ዳይምለር ፑኽ የሚባለው ድርጅት ከቮልስዋገን ጋር ሆኖ «ሲንክሮ» የተባለውን፣ በአራቱም ጎማ የሚሄደውን ዓይነት ሠራ። ከዚያ ውስጥ ጥቂቱን በባለ 16 ኢንች ቸርኬ ሠሩት። ታዲያ ጎማውን አሳድገው «ይገባል!» ብለው ለቀቁት? የለም። የማርሹን ጥርስ ለውጠው ወደ ታች አወረዱት፤ ጎማው የወሰደውን ጉልበት እንዲመልስ። ፍሬኑን አሳደጉ። ለጎማዎቹ ኃይል የሚያደርሱትን ዘንጎች አጠነከሩ። አካሉን ራሱን ተጨማሪ ብረት ደገፉት። የጎማውን ቤት ደግሞ እንደገና ቆርጠው ሠሩት እንጂ በመዶሻ መታ መታ አላደረጉትም። ሁለት ኢንች ቸርኬ ለመጨመር መኪናውን ግማሹን ነው የቀየሩት። መሐንዲስ ያለው ፋብሪካ ይህን ሁሉ ካሰበ፣ የኛ ባለጋራዥ በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚጨርሰው ምን የተለየ ጥበብ ተገልጾለት ነው?

ጀርመን አገር ደግሞ ከፋብሪካው ትእዛዝ ውጭ ቸርኬና ጎማ የቀየረ ሰው፣ ለዚያ መኪና መፈቀዱን የሚያሳይ ወረቀት ከሌለው ወደ ቴክኒክ ተቆጣጣሪው ሄዶ፣ አስመርምሮ፣ የመኪናው ሰነድ ላይ ማስጻፍ አለበት። ያላስጻፈ ሰው መኪናው መንገድ ላይ የመውጣት ፈቃዱ ጉዳይ ያጠያይቃል። «ቱፍ» የሚሉት ምርመራ ስሙ ሲነሣ የሚርዳቸው ለዚህ ነው። የነጭ አገር ነገር ሁሉ ልክ ነው አልልም፤ በወረቀት ብዛት የሚያሳብዱም ናቸው። ግን በዚህ በኩል ቀንቼባቸዋለሁ። እኛም እኮ ዓመታዊ ምርመራ አለን፤ ቦሎ የምንለጥፈው ለጌጥ አይደለም። እኔ ከወዳጆቼ ጋር ደጋግሜ በሄድኩባቸው ቦታዎች ግን መርማሪው ጎንበስ ብሎ ጎማው ላይ የተጻፈውን ቁጥር አንብቦ ሲያመሳክር አላየሁም። መብራት ይታያል፣ ጥሩንባ ይነፋል፣ ጎማው ጥርሱ እንዳላለቀ በእግር ጠቅ ይደረጋል፤ በቃ። ጎማ ላይ የተጻፈ ነገር ማንበብ የማንም ሥራ አይደለም።

ለነገሩ ጎማ ብዙ የሚነበብ ነገር አለው። ሥነ ጽሑፍ አስተማሪ ስለሆንኩ ነው መሰል፣ ከዚህ ጭቅጭቅ በኋላ ጎማ ባየሁ ቁጥር ማንበብ ለመደብኝ። በመጨረሻ ያለችው «ሲ» የምትባለው ፊደል የጭነት ነው ማለት ናት፤ ጎኑ ጠንካራ የሆነ፣ ለሸክም የተሠራ። ከመጠኑ ቀጥሎ ደግሞ የመሸከም አቅሙ በቁጥር ይጻፋል። 102 ካለ አንዱ ጎማ 850 ኪሎ ይችላል። 95 ካለ 690 ኪሎ። ስለዚህ ከዐይን የሚገዝፈው ጎማ ሁሉ ሸክም ቻይ አይደለም። ከቤት መኪና ላይ የመጣ ባለ 16 ኢንች ውብ ጎማ፣ ከዚያች «የልጅ ጫማ» ከተባለችው ባለ 14 ሲ ጎማ 160 ኪሎ ያነሰ የሚሸከም ሆኖ ይገኛል። ሙሉ ጭነቷን ስትይዝ ከሁለት ቶን በላይ ለምትመዝን፣ ያውም ሞተሯ ከኋላ ለተቀመጠ መኪና ይህ ቀልድ አይደለም። ሌላም አለ። ጎኑ ላይ በአራት አሐዝ የሚያልቅ ጽሑፍ ይገኛል፤ 2314 ካለ እ.ኤ.አ. በ2014 በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። ባለጋራዡ «አዲስ በሉት» ያለን ጎማ ዕድሜው እዚያ ላይ ተጽፎ ነበር፤ ጥርሱ ሙሉ፣ ጎማው ግን ሽማግሌ። ጎማ ቢቀመጥም ያረጃል፤ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ስለ መርሴዲሱ ቸርኬ ብዙ አልልም። አምስቱ ቀዳዳ ከቮልሱ ጋር ልክ ገጥሟል፤ ግን ቀዳዳው ገጠመ ማለት የብሎኑ አናት የሚያርፍበት ቅርጽ ገጠመ ማለት አይደለም፤ ካልገጠመ ብሎኑ ቀስ በቀስ ይላላል።

አሁን ለባለጋራዡ ፍርድ ልስጥ፤ ሰውየው ፍጹም አልተሳሳተም። መንገዳችን መንገድ አይደለም ያለው እውነት ነው። ድንጋዩ፣ ጉድጓዱ፣ በየመንደሩ ማንም እየተነሣ የሚከምረው የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ዝቅ ያለ መኪናን ሆዱን ይዘለዝለዋል። ከፍ ማለት ያስፈልጋል ቢል አልፈርድበትም። ግን በዚህ ሁሉ ወጪ የሚገኘው ከፍታ ስንት ነው? ጎማው በ53 ሚሊሜትር ሲያድግ ግማሹ ከላይ ነው የሚሄደው። የመኪናው ሆድ ከመሬት የሚነሣው በ26 ሚሊሜትር ብቻ ነው። የአውራ ጣት ስፋት! ፍሬን፣ ማርሽ፣ ኩሽኔታ፣ ፓራፋንጎ ሁሉ የተሰዋው ለአንዲት አውራ ጣት ነው። ያንን የሚያህል ከፍታ እኮ የደከመ ሞላ በአዲስ ሲቀየር ይገኛል። ከፖርቶ መጋላው ላይ ግማሹን ጓዝ ማውረድም አንድ ነገር ነው።

ግን ነገሩ መቼ የከፍታ ሆነና። ነገሩ የመታየት ነው። እኛ አገር ሰው ከመኪናው ቁመት ጋር ነው የሚለካው። ቪ8 መጣ ሲባል ጥበቃው በሩን የሚከፍተው ውስጡ ማን እንዳለ አይቶ አይደለም፤ ቁመቱን አይቶ ነው። ከፍ ብሎ የተቀመጠ ሰው ዝቅ ብሎ የሚሄደውን አያየውም፤ አለማየቱም እንደ ሥልጣን ይቆጠርለታል። አይሱዙን «አልቃይዳ»፣ ሲኖትራክን «ቀይ ሽብር» ብሎ የሰየመ ሕዝብ መኪና እንደሚገድል ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ያውቃል፤ ስም አውጥቶለት፣ ስቆበት፣ ይሳፈርበታል። ቪ8 መግዛት ያልቻለው ደግሞ ያለችውን አሮጌ ቮልስ ወይም ዶልፊን ተረከዝ ያጫማታል። ባለጋራዡ የሸጠው ጎማ መሰላችሁ? የሸጠው ቁመት ነው። ገበያውን የሠራለት እኛ ነን፤ የሚገርመኝ ለዚህ ገበያ የሚሰጠው የቴክኒክ ምክንያት ነው። «ለመንገዱ ነው» ይላል ሁሉም። አስፋልት ላይ ብቻ የሚውለውም «ለመንገዱ ነው» ይላል።

ይህን ሁሉ የምለው ነገሩ እየባሰ እንጂ እየተሻለ እንደማይሄድ ስለታየኝ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ማስገባትን አክብዶታል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ፤ ወደ ኤሌክትሪክ እንዙር ተባለ። ሐሳቡን አልቃወምም፤ ጭሱን የምተነፍሰው እኔው ነኝ። ነገር ግን አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና በአዋጅ አይጠፋም። ምትኩ ስለተወደደ ይብሱን ይጠገናል፣ ይሸጣል፣ ይወረሳል፣ እንደገና ይጠገናል። ያቺ የ1980ዎቹ ቮልስ ገና ሃያ ዓመት ልትነዳ ትችላለች። ስለዚህ አሮጌ መኪናን እንዴት እንደምንይዝ የጥቂት አፍቃሪዎች ጨዋታ መሆኑ ቀርቷል። በየመንገዱ የሚመጣብን እሱ ነው።

ልጁ ግን አሁንም ልቡ ሁለት ነው። «መምህር፣ እርስዎ ያሉት ገብቶኛል፤ ግን ትልቁ ጎማ ሲታይ እኮ...» ይለኛል። ሲታይማ! እኔ ያልኩት ይህን ነው። ለመርሴዲስ ቸርኬና ለአራት ጎማ የተጠየቅከውን ገንዘብ ያዝ። አምስት ባለ 14 ሲ ጎማ ግዛ፤ አምስተኛው መቀየሪያ ነው። ቁጥሩን ራስህ አንብብ፤ 102 ይበል፣ የተሠራበት ዓመት ቅርብ ይሁን። የፊት ሸራና የኋላ ታምቡር አስፈትሽ፣ የፍሬን ዘይቱን ከነውኃው አስወግደህ በአዲስ ቀይር፤ ያረጀ የፍሬን ዘይት ውኃ ይጠጣል፣ ሲግል ይፈላል። የፊቱን ኩሽኔታ አስነካ። ሞላው ከደከመ ቀይር። ከዚህ ከተረፈህ ለእናትህ ጥሩ የመኝታ ፍራሽ ግዛላቸው።

ለመርማሪዎቹም አንድ ጥያቄ አለኝ። ብዙ በጀት አይጠይቅም፣ መሣሪያም አይፈልግም። በምርመራው ቅጽ ላይ ሁለት መስመር ይጨመር፤ አንዱ ፋብሪካው ለዚህ መኪና ያዘዘው የጎማ መጠን፣ ሁለተኛው ዛሬ የተገኘው የጎማ መጠን። መርማሪው ጎንበስ ብሎ አንብቦ ይሙላው። ሁለቱ ካልተመሳሰሉ ባለመኪናው ፍሬኑንና ማርሹን ምን እንዳደረገ በጽሑፍ ያስረዳ፤ ያስረዳ ይለፍ፣ ያላስረዳ ጎማውን መልሶ ይምጣ። ባለጋራዡም ደረሰኙ ላይ «ገብቷል» ብሎ ሳይሆን ስሙን ጽፎ፣ ፈርሞ፣ «ለዚህ መኪና ተገቢ ነው» ብሎ ይስጥ። በሚቀጥለው ጊዜ መዶሻውን ሲያነሣ ትንሽ ያስብበታል።